ምላስ ያለውን ንቀል

ካርቱም ዳር፣ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ጀርባ፣ ከብት አርቢዎቹ መኖ በሚዘሩበት ሜዳ ላይ አረም ያረመ ሐበሻ ሁሉ ማዘንጊያን ያውቀዋል። ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ስለ መልኩም ስለ ቁመቱም አይነግሯችሁም። የሚነግሯችሁ ስለ ቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ነው። ሌሎቹን ጥፍሮቹን በምላጭ እየከረከመ ያችን አንዷን ብቻ ያሳድጋታል፤ እንጀራው በእሷ ነውና። ማታ ማታ በውኃ አጥቦ፣ በጨርቅ ጠራርጎ ነበር የሚተኛው።

አንድ ቡቃያ ሲያነሣ መጀመሪያ አገዳውን በሁለት ጣቶቹ መካከል ያንከባልለዋል። ሦስት ጠርዝ ካለው ሣር አይደለም፤ የእንግጫ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ላይ ፍሬ ስላለው ከነፍሬው ካልወጣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ ግን ሣር ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ በየአንጓው ሥር የሚሰድ ከሆነ ሰርዶ ነው፤ ለእሱ መመራመር አያስፈልግም። ያ ካልሆነ ወደ አንገቱ ይሄዳል። ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አራሚዎቹ አንገት ይሉታል። ማዘንጊያ ቅጠሉን በዚያች ጥፍር ገለል ያደርግና ወደ ውስጥ ያያል። ስስ፣ ነጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለች ነገር ብቅ ካለች ሣሩ ምላስ አለው ማለት ነው፤ ምላስ ያለው ማሽላ ነው፤ ይተዋል። አንገቱ ልሙጥ ከሆነ ሱዳኖቹ ዲፍራ የሚሉት አረም ነው፤ ይነቀላል። ሁለቱ አድገው ዘለላ ካወጡ በኋላ ሕፃንም አይሳሳታቸው። ገና ሦስት አራት ቅጠል እንዳወጡ ግን መንትያ ናቸው፤ የሚለያቸው ያቺ ምላስ ብቻ ናት። የሚታረመው ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው ነው።

አራሚዎቹ በመካከላቸው አንድ ሕግ አላቸው። ማንም አልጻፈውም፤ የሚያፈርሰውም የለም። በዕድሜህ ዋሽ፣ ባገርህ ዋሽ፣ ያላገባኸውን ሚስት አገባሁ በል፤ በምልክት ግን አይዋሽም። አንድ ሰው ተሳስቶ ሰብሉን ከነቀለ ባለቤቱ የሚያባርረው ሁሉንም ነዋ። ሌላም ደንብ አለ፤ ምልክት የሚታየው አንድ ጊዜ ነው። ያሳየህን ሰው ተመልሰህ «እንዴት ነበር ያልከኝ?» ብትለው «አላመንኩህም» እንዳልከው ይቆጠራል፤ ነውር ነው። ደግ ሕግ ነበር። ደግ ሕግ ክፉ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ግን ቀጥሎ ታያላችሁ።

ማዘንጊያ ክፉ ሆኖ አልተወለደም፤ ማንስ ይወለዳል። ከቋራ ቆላ ተነሥቶ ለማሽላ አጨዳ ገዳሪፍ የገባው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። ከዚያ ካርቱም ዘለቀ። ማዮ በሚባለው የድሆች ሰፈር በጆንያ በተከለለች ጎጆ ኖረ፤ አል-ሳሃፋ ሰፈር የሰው ግቢ ጠረገ፤ ሸክም ተሸከመ። ወገቡን የሰበረው ግን ሥራው አይደለም፤ ከሻ ነው። ፖሊስ ድንገት መንገድ ዘግቶ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እንደ በግ መኪና ላይ ሲጭን ያ አፈሳ ከሻ ይባላል። ማዘንጊያ ታፍሷል፣ ታስሯል፣ ድንበር ላይ ተጥሎ በእግሩ ተመልሷል። በመጨረሻው አፈሳ ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ በዚያ ሰሞን ማሳውን ያረመለት ረሺድ የሚባል ከብት አርቢ ለሌላ ጉዳይ ገባና አየው። ጣቱን ቀስሮ «ዳ ሐጊ» አለ። ይሄ የኔ ነው ማለት ነው። ፖሊሱ ምንም ሳይጠይቅ ለቀቀው። ማዘንጊያ በዕድሜው ሙሉ ሰው «የኔ ነው» ሲለው የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በረሺድ እርሻ፣ ከውኃው ሞተር ጎን፣ ቁልፍ ያላት አንዲት ክፍል ተሰጥታው ይኖራል። ክፍሏ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች፤ በጋ ሲሆን እንደ ምጣድ ትግላለች። እሱ ግን በሩን ከውስጥ ቆልፎ ሲተኛ እንቅልፉ የሰው እንቅልፍ ነበር።

ከዚያ ሰውራ መጣ። ሱዳኖቹ አብዮቱን እንዲህ ነው የሚሉት። ሐበሾቹ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እያሉ ያሾፉ ነበር፤ በሆዱ ተስፋ ያላደረገ ግን አልነበረም። አሮጌው መንግሥት ወደቀ። ወጣቶቹ ከጦሩ ሰፈር ፊት ለፊት ድንኳን ጥለው ረመዷንን እየዘፈኑና እየጾሙ ሰነበቱ። ጾሙ ሳያልቅ በጥይት ተበተኑ። አድማ ተመታ፤ ከተማው በድንጋይና በተቃጠለ ጎማ ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ድልድዮቹን ወታደር ያዛቸው።

የረሺድ ወተት ወንዙን መሻገር ስላቃተው ጠዋት ጠዋት በባልዲ እየተቀዳ ቦይ ውስጥ ይደፋ ጀመር። አራሚዎቹም ሥራ ሲጠፋ አንድ ባንድ ተበተኑና ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ዳር ተሰበሰቡ። እርሻው ላይ ከማዘንጊያ ሌላ የቀረው ይስማው ብቻ ነበር።

ይስማው የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ባጃጅ ነጂ። ማሽላን የሚያውቀው በእሸቱ ነው፤ እሱንም ገበያ ላይ። ለሊቢያ መንገድ ካርቱም ገብቶ ነበር። አብሮት የወጣው ጓደኛው ቀድሞት ሄዶ ባሕር ሲበላው ልቡ ተሰበረና ቀረ። ረሺድ ላሞች እንዲያልብ ቀጠረው። ልጁ አፉ ቅልጥፍ ያለ ነው፤ ዓረብኛውን በአጭር ጊዜ እንደ ዘፈን ለመደው። ረሺድ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ሻይ ሲቀርብለት «ያ ይስማው፣ ተዓል» ብሎ ይጠራዋል፤ ይስማው የሆነ ነገር ይላል፤ ረሺድ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ማዘንጊያ ያን ሣቅ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይሰማዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ረሺድ ከእሱ ጋር ስቆ አያውቅም። ቀና። ሌላ ስም አንስጠው፤ ቅናት ነው።

ዒድ ሊሆን ሲል ረሺድ ሁለቱንም ጠርቶ ቦዩ ዳር አቆማቸው።

«ስሙኝ» አለ። «ማሽላውን ዘንድሮ ለዘር ነው የያዝኩት። ዲፍራ የተቀላቀለበት ዘር የሚወስድልኝ የለም። ቦዩ ማሳውን ለሁለት ይከፍለዋል። ማዘንጊያ በደቡብ ያርም፤ ይስማው በሰሜን። ዒድን ከቤተሰቤ ጋር ነኝ፤ መንገዱ ሲከፈት እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስቀረው አንድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው የምይዝበት አቅም የለኝም። ማሳውን አጽድቶ የጠበቀኝ ክፍሏን ይዞ ይቀራል። ኸላስ።»

ማዘንጊያ ይህን ሰምቶ ማሳውን በዓይኑ ለካ። በአራሚነት ማንም እንደማያሸንፈው ያውቃል። ግን ረሺድ የሚፈልገው ሰበብ ቢሆንስ? ሁለቱም ማሳ እኩል ጸድቶ ቢገኝ ረሺድ ማንን እንደሚያስቀር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የሚያስቀውን ነው የሚያስቀር።

በማግስቱ ማለዳ ይስማው ቦዩን ዘሎ መጣ።

«ጋሼ ማዘንጊያ፣ እኔኮ ሣር አላውቅም። ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ። ምልክቱን አሳየኝ።»

«ልታሸንፈኝ ነው?»

«ወላሂ አይደለም። ክፍሏ ያንተ ናት። ሰውየው ሲመጣ እንዳላፍር ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጠበቀኝ እንዳይለኝ። ከዚያ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፤ ኢንሻአላህ አላጣም።»

ልጁ እውነቱን ነበር። ማዘንጊያ ግን አላመነውም፤ እሱ በልጁ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ብሎ ይዋሽ ነበርና። ጎንበስ ብሎ ሁለት ቡቃያ ነቀለ፤ አንድ ማሽላ፣ አንድ ዲፍራ። አገዳቸውን እያንከባለለ አሳየው። በጥፍሩ የማሽላውን ቅጠል ገለል አደረገና ያችን ነጭ ነገር ገለጠለት።

«አየሃት? ይቺ ምላስ ትባላለች።»

«አየኋት።»

«ምላስ ያለውን ንቀል። ይሄ፣ አንገቱ ልሙጥ የሆነው፣ ማሽላ ነው፤ ተወው።»

ሳያስበው ነው ያመለጠው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። ሌሊቱን ሙሉ አስቦበታል፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ይስማው ሁለቱን ቡቃያዎች እንደ አደራ ዕቃ ተቀብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ፣ ቦዩን ተሻግሮ ሄደ።

ልጁ ሥራ አያውቅም እንጂ ሰነፍ አልነበረም። ከላሞቹ ሥር ሲነሣ በቀጥታ ማሳው ውስጥ ይገባል። በጉልበቱ እየዳኸ፣ እያንዳንዱን ቡቃያ አንገቱን ገልጦ እያየ፣ ማሽላውን ለቅሞ ያወጣል፤ ዲፍራውን በጣቱ አፈር አስታቅፎ ይተዋል። ጥፍር ስለሌለው ቅጠሉን በጥርሱ ጭምር ይልጠዋል። እየሠራ ይዘፍናል። ዘፈኑ ቦዩን ተሻግሮ ይመጣል፤ ማዘንጊያ የራሱን ዲፍራ እየነቀለ ይሰማዋል። ሲመሽ ልጁ እጁን በቦይ ውኃ ያጥባል፤ አረንጓዴው ከእጁ አይለቅም።

ማዘንጊያ ምሳ ሰዓት ላይ ቀና ብሎ ከቦዩ ማዶ ያለውን ክምር ያያል። የተነቀለው ማሽላ ፀሐይ ላይ ጠውልጎ ተኝቷል። አሁን ቢነግረው ማሳው ገና ብዙ ይተርፋል፤ ይህን ያውቃል። መንገር ግን በምልክት ዋሽቻለሁ ማለት ነው። ያ ወሬ ከወጣ ከኢትዮጵያ ድንበር እስከ ካርቱም ከእሱ ጎን ጎንበስ የሚል አራሚ አይኖርም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የማዘንጊያው እያደር ከበደ። ሆኖም ተሸከመው። ነገ እነግረዋለሁ አለ፤ ነገ ሲደርስም ጎንበስ ብሎ አረመ።

አንድ ቀን ይስማው ራሱ ተጠራጠረ። የተዋቸው ቡቃያዎች እግራቸው ወደ ቀይ አደላ፤ አገዳቸውም ጠፍጠፍ አለ። ከሚነቅላቸው ይልቅ እነሱ ናቸው አረም የሚመስሉት። አንዷን ይዞ ቦዩ ዳር መጣና ቆመ።

«ጋሼ…»

ማዘንጊያ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። በልጁ እጅ ያለችውን ዲፍራ ከዚያ ርቀት ላይ ሆኖ ለይቷታል።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?»

ልጁ አፈረ። አንድ ጊዜ የታየ ምልክት ተመልሶ አይጠየቅም፤ ሽማግሌ በጠዋት ጎንበስ ብሎ ያሳየውን እንዴት ይጠራጠራል? ያችን ቡቃያ ቀስ ብሎ ከኋላው ጣላት።

«ውኃ አለህ ወይ ልልህ ነው። የኔው ሞቀብኝ።»

ማዘንጊያ ጀሪካኑን አቀበለው። ልጁ ጠጣ፤ አመሰገነ፤ ተመልሶ በጉልበቱ ዳኸ።

አድማው ረገብ ብሎ መንገዱ ሲከፈት ረሺድ በጭነት መኪናው መጣ። ከበሩ ላይ ሆኖ ሁለቱንም ማሳ ሲያይ አረንጓዴ ነው። «ማሻአላህ» አለ፤ ይስማውን ትከሻውን መታ አደረገው። ከዚያ በሰሜን በኩል ወደ ማሳው ገባ። ጥቂት እንደ ሄደ ቆመ። ጎንበስ አለ። አንድ ነቀለ፤ ሌላ ነቀለ፤ ሮጦ መሐል ገብቶ ሌላ ነቀለ። ዲፍራ ነው። ሁሉም ዲፍራ ነው። ዳር ላይ ወደ ተከመረው የደረቀ ነገር ሄዶ በእግሩ ገለበጠው፤ የዓመቱ ዘር እዚያ ነበር።

«ማን ነው እንዲህ አድርግ ያለህ?» አለ። አልጮኸም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱ ይብሳል።

ይስማው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ማዘንጊያ ዞረ። አልከሰሰውም፤ እርዳኝ የሚል ዓይን ነው። ማዘንጊያም ልጁን እያየ፣ ረሺድ እንዲሰማ በዓረብኛ፣ ተናገረ።

«ምላስ ያለውን ተው ብዬ በእጄ ነው ያሳየሁት።»

እዚህ ላይ ልጁ «ውሸት ነው» ቢል ኖሮ እኔም ይህን ታሪክ በሌላ መልክ ባወራሁት ነበር። አላለም። ለጥቂት ጊዜ ግንባሩን አሸት አሸት አድርጎ አሰበ። በምልክት የሚዋሽ ሰው እንደሌለ ሰምቷል። እንግዲህ የተሳሳተው እሱ መሆን አለበት።

«አዎ» አለ ይስማው። «ጋሼ አሳይቶኛል። እኔ ነኝ የገለበጥኩት። ጭንቅላቴ ነው።»

ረሺድ የአህያ መግረፊያውን አለንጋ ከመኪናው አወጣና ለማዘንጊያ ሰጠው።

«አንተ ነህ ያስተማርከው። አንተው ቅጣው።»

ማዘንጊያ አለንጋውን ተቀበለ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር የመታው። ልጁ መሬት ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ ጋሼ፣ አዋረድኩህ» ማለት ሲጀምር ግን አጠነከረው። ዝም እንዲል ነው። ልጁ ግን ዝም አላለም፤ በመታው ቁጥር ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይቅርታ በጠየቀ ቁጥር ሰውየው ይብስበታል። በመጨረሻ «በቃ» ያለው ራሱ ረሺድ ነበር። የልጁ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተቀዷል። ረሺድ ከዚያ በላይ ማየት አልፈለገም፤ «ዓይኔ እንዳያይህ፣ ያላ» አለና ወደ ላሞቹ ሄደ።

ይስማው ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ከእርሻው ሲወጣ ማዘንጊያ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው።

«መርቀኝና ልሂድ ጋሼ። አንተም በኔ የተነሣ ተዋረድክ።»

«መንገድህን ያቅናልህ» አለ ማዘንጊያ።

«አሜን። ወደ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ልሂድ መሰለኝ። አራሚዎቹ፣ እነ ጥላዬ፣ እዚያ ሻይ ቤት ናቸው አሉ። ጥላዬን ምልክቱን እንደገና አሳየኝ እለዋለሁ፤ እሱን አንድ ጊዜም ጠይቄው አላውቅም፤ ነውር የለበትም። ሁለተኛ እንደዚህ አልሳሳትም።»

ማዘንጊያ ጥላዬን ያውቀዋል። ዐሥር ዓመት አብረው አርመዋል። ልጁ «ጋሼ ማዘንጊያ ያሳየኝን ገልብጬ» ብሎ ገና ወሬ ሲጀምር ጥላዬ ነገሩን ይገባዋል፤ ማሽላን ከዲፍራ ገልብጦ የሚሰማ ጆሮ የለም ይላል። ከዚያ ወሬው በማግስቱ ረሺድ ጋ ነው።

«በገበያው በኩል አትሂድ» አለ። «ከሻ አለ፤ ትናንት ሲያፍሱ ነበር። በድልድዩ በኩል ተሻገር። እዚያ ሰላም ነው፤ ማንም አይጠይቅህም።»

ድልድዩ ላይ ያለው ምን ዓይነት ወታደር እንደሆነ ያን ሰሞን በካርቱም የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። ይስማው ግን ከላሞቹና ከማሳው ውጭ የከረመበት ቦታ የለም። «ባትነግረኝ ገብቼበት ነበር» አለ። ፌስታሉን ባልታመመው ትከሻው ላይ አድርጎ በድልድዩ መንገድ ሄደ። አንድ ጊዜ ዞሮ እጁን አውለበለበ፤ ማዘንጊያም አውለበለበለት።

ከዐሥር ሰዓት በኋላ ረሺድ የአስር ሶላቱን ሰግዶ ሻይ ይዞ ተቀመጠ። ንዴቱ በርዶለታል፤ እንዲያውም የሚያወራው ሰው ፈልጎ ዙሪያውን ያይ ነበር። በዚህ መሐል ሱዳኖቹ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ለእርሻው በረዶ የሚያመላልሰው ዛኪር ደረሰ።

«ድልድዩ አፍ ላይ ወታደሮቹ ሐበሾች ይዘዋል» አለ ዛኪር። «አስፋልቱ ላይ በሆዳቸው አስተኝተዋቸዋል። ፀሐዩን አያችሁት አይደል? አንደኛው ገና ወጣት ነው። ጀርባው ተተልትሏል፤ ሸሚዙ የለም ማለት ይቻላል። ዓረብኛ ደግሞ አሳምሮ ይናገራል፤ አንዱን ወታደር ሊያስቀው ሲሞክር አፉን በሰደፍ መታው። እጁ ደግሞ እስከ አንጓው አረንጓዴ ነው፤ ምን ሲነካ እንደዋለ እንጃ።»

ረሺድ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አረንጓዴ?» አለ። «ወላሂ የኛው ልጅ ነው።» ተነሣና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ ፈለገ። «ተናድጄ ነው እንጂ ላሟን እንኳ እንደሱ የሚያልብልኝ አላገኘሁም። ማዘንጊያ፣ ና ተነሥ፣ አብረን እንሂድ። ሄጄ ዳ ሐጊ እላለሁ። የወታደሮቹን አለቃ አውቀዋለሁ፤ አያስቸግረኝም።»

ማዘንጊያ አልተነሣም። ጥፍሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ነበር።

«የኛው አይደለም» አለ። «የኛው በገበያው በኩል ነው የሄደ። እኔ ነኝ የሸኘሁት፤ እስከ ሻይ ቤቱ ድረስ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ረሺድ አየው። ያ ሰው ስንት ዓመት አብሮት ኖሯል፤ አንድም ቀን ሣር ተሳስቶበት አያውቅም፣ ሰውን ይሳሳታል ብሎም ረሺድ አላሰበም።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ። እጁ አረንጓዴ የሆነ ሐበሻ በዚህ አገር ሞልቷል።»

ረሺድ ቁልፉን ኪሱ መለሰ። ተመልሶ ተቀመጠና ብርጭቆውን አነሣ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ደንግጬ ነበር።»